ነቅ የሚለይ ጆሮ

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ባለፈው ሳምንት ለአያቴ ሙት ዓመት ድሬዳዋ ደርሼ ተመልሻለሁ፤ ለዛሬ ያሰናዳሁት ሌላ ጉዳይ ነበር፣ ነገር ግን ማይክሮፎኑ ፊት ስቀመጥ ከእሳቸው በቀር የሚወራ ነገር አጣሁ።

አባባ፣ የልጅ ልጆቻቸው ሁላችን የምንጠራቸው እንዲህ ነበር፣ የሥራ ዘመናቸውን የጨረሱት በምድር ባቡር ጋራዥ ነው። ከጅቡቲ የተነሣው ሐዲድ የሐረር ተራራ አስቸግሮት በ1895 ዓ.ም. ከግርጌው ባይደርስ ኖሮ ድሬዳዋ የምትባል ከተማ አትኖርም ነበር እያሉ ሲያወሩ፣ ራሳቸው የቆረቆሯት ያህል ደረታቸውን ይነፉ ነበር። ሥራቸው እጀታው ረጅም በሆነ መዶሻ የፉርጎዎቹን መንኮራኩር አንድ በአንድ መታ እያደረጉ ማዳመጥ ነበር፤ ጤነኛ ብረት እንደ ደወል ጥርት ብሎ ይጮኻል፣ ነቅ ያለበት ግን ድምፁ ይታፈናል።

ጡረታ ከወጡ በኋላ መዶሻውን ቢያስረክቡም ጆሯቸውን የሚረከባቸው አልተገኘም። ቀፊራ ገበያ ጀበና ለመግዛት አብሬያቸው ስሄድ፣ የተደረደረውን ሁሉ እያነሡ በጣታቸው አንጓ ይመቱና ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡ ነበር። አንድ ቀን ሻጯ ትዕግሥቷ አልቆ፣ «አቦ አባባ፣ ሊገዙ ነው ወይስ ከበሮ ሊመቱ?» ስትላቸው፣ በኦሮምኛ መልሰው አንድ ነገር ነገሯት፤ ምን እንዳሏት እስከ ዛሬ አላውቅም፣ ብቻ እየሳቀች ዋጋ ቀነሰችላቸው፤ እሳቸውም ሁለት ጀበና በሁለት እጃቸው እንደያዙ ትከሻቸውን እየነቀነቁ ከገበያው ወጡ። ሐብሐብም፣ በርም፣ የእኛም ጭንቅላት ከዚህ ምርመራ አላመለጠም። የፈተና ውጤት ይዘን ስንመጣ ካርዱን ሳያዩ ግንባራችንን መታ አድርገው፣ «ይኼኛው ይለፍ» ይሉ ነበር።

እውነቱን ለመናገር አብሮ ለመኖር ቀላል ሰው አልነበሩም። ሰዓት ማክበራቸው ከልክ ያለፈ ስለነበር ሠርግ ቤት ድንኳኑ ሳይተከል ደርሰው ተካዮቹን ያዝዙ ነበር፤ ሴት አያቴ ከእሳቸው ጋር አንድም ድግስ ተረጋግታ እንዳልበላች እየሳቀችም እያዘነችም ታወራለች። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ከሶማሊያ ጋር በነበረው ጦርነት የባቡር መስመሩ ስለተቋረጠበት ጊዜ ስንጠይቃቸው ግን ወሬ ይቀይሩ ነበር፤ እኛም መጠየቁን ተውን።

በ2009 ዓ.ም. አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሲመረቅ፣ ከከተማው ውጭ ያለውን ጣቢያ እንዲያዩ ወሰድናቸው። ከዘራቸውን ተደግፈው ለረጅም ጊዜ ከቆሙ በኋላ፣ ሙሽራ እንደሚያማ ሰው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ቆንጆ ነው፣ ግን አይናገርም» አሉኝ።

በመጨረሻ የታመሙ ጊዜ፣ አንድ ወጣት ሐኪም ጀርባቸውን አስጎንብሶ በጣቱ መታ መታ እያደረገ ሲመረምራቸው አጠገባቸው ቆሜ ነበር። አባባ ትንፋሻቸውን ውጠው፣ ዓይናቸውን እንደ ቀፊራው ጊዜ ጨፍነው ያዳምጡ ጀመር። በቀኝ በኩል ድምፁ ደህና ነበር፤ በግራ በኩል ወደ ታች ሲወርድ፣ እኔ እንኳ እስክለየው ድረስ ታፈነ። ሐኪሙ ምንም ሳይናገር ሸሚዛቸውን ሊያለብሳቸው ሲል እጁን ያዙትና፣ «ዶክተር፣ እኔም ሰምቼዋለሁ፤ ለልጆቹ ግን ቀስ ብለህ ንገራቸው» አሉት።