ጉዲ ባግ፦ ከልደት የሚወጣ ልጅ ምን ይዞ ይሂድ?

ሀና፦ ሰላም ሰላም! እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬ ብዙ ወላጆች በውስጥ መስመር የጻፉልንን ጉዳይ ነው የምናነሳው። ጉዲ ባግ። ልጆች ከልደት ሲወጡ የሚሰጣቸው ያ ትንሽ ቦርሳ። መስጠት አለብን ወይስ ይቅር?

ዮናስ፦ ጤና ይስጥልኝ። እኔ አቋሜን ከአሁኑ ልናገር። ልጅ ከድግስ ቤት ባዶ እጁን ባይወጣ ደስ ይለኛል።

ሀና፦ እኔ ደግሞ ቢቀር እላለሁ። በተለይ ትምህርት ቤት ውስጥ የሚታደለው።

ዮናስ፦ እንግዲያው ለይተን እናውራ። የቤት ልደትና የትምህርት ቤት ልደት አንድ አይደሉም።

ሀና፦ ልክ ነህ። ከትምህርት ቤቱ እንጀምር። አዲስ አበባ ውስጥ ልጁን የግል ኬጂ ያስገባ ሰው ያውቀዋል። የልደቱ ቀን ኬክ ይዘህ ትሄዳለህ። ሻማ ይለኮሳል፣ ይዘፈናል፣ ፎቶ ይነሳል። ድሮ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር። አሁን ኬኩ ብቻውን አይበቃም። ለእያንዳንዱ ልጅ ስሙ የተጻፈበት ቦርሳ ይዘጋጃል። ውስጡ ቺፕስ፣ ጁስ፣ ከረሜላ፣ ፊኛ፣ ፊሽካ፣ መብራት ያለው ቀለበት። የባለልደቱ ፎቶ የታተመበት ኩባያ የሚጨምሩም አሉ።

ዮናስ፦ ኩባያውን እኔም አይቻለሁ።

ሀና፦ እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። ክፍሉ ውስጥ 30 ልጅ አለ እንበል። አንዱ ቦርሳ 150 ብር ቢፈጅ 4,500 ብር ሆነ። ኬኩን ሳንቆጥር ማለት ነው። ይህ ለብዙ ቤት ከአስቤዛው ላይ የሚነሳ ገንዘብ ነው። ሁሉም ወላጅ ቢያደርገው ደግሞ ከአንድ ክፍል ብቻ በዓመት 900 ቦርሳ ይወጣል።

ዮናስ፦ ግን እኮ ግዴታ ነው ያለ የለም።

ሀና፦ ማንም አላለም። የሚያስገድደው ይሉኝታ ነው። ባለፈው ሳምንት የእገሌ እናት ሰጥታለች። ልጅህ ቦርሳውን አንጠልጥሎ ቤት ገብቷል። «የኔስ ልደት መቼ ነው?» ይልሃል። ያኔ ምን ትለዋለህ? በልደቱ ቀን ልጃቸውን «አሞታል» ብለው ከትምህርት ቤት ያስቀሩ ወላጆች አሉ። ሌላው ያደረገውን ማድረግ ስላልቻሉ ብቻ። ልጅ በልደቱ ቀን ከጓደኞቹ ተለይቶ ቤት ሲውል አያሳዝንም? ይህ ነገር ያናድደኛል፣ አልደብቅም።

ዮናስ፦ እውነት ነው፣ በጣም ያሳዝናል። ግን እኔ የምፈራው ልማዱን ከሥሩ እንዳንነቅለው ነው። ለልጅ አስይዞ መሸኘት ከውጭ የመጣብን ነገር አይደለም። ለቡሄ፣ ነሐሴ 13፣ ሆያ ሆዬ ብለን ስንጨፍር ሙልሙል ይሰጠን አልነበር? እናቶች ለዚያው ብለው ይጋግሩታል። ትልልቆቹም ከክርስትና ወይም ከዝክር ሲመለሱ ለልጅ ቁራሽ ዳቦ ይዘው ነው የሚመጡት። እናቴ ድግስ ሄዳ ስትመጣ መጀመሪያ የማየው የነጠላዋን ጫፍ ነበር። እዚያ ላይ ቋጠሮ ካለ ለኛ ነው።

ሀና፦ ያማ ያምራል። ግን ሙልሙሉ ይበላል፣ ያልቃል። ይሄኛው ፊሽካ ማታ ሳይደርስ ይሰበራል። ቦርሳው ራሱ የት ነው የሚሄደው? በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ያጸደቀው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ ፌስታል ከልክሏል። እኛ ገበያ ስንሄድ ዘንቢል መያዝ እየለመድን፣ ለልጆች ግን በላስቲክ የተጠቀለለ ላስቲክ እናድላለን።

ዮናስ፦ ስለሱ አልከራከርሽም። እንዲያውም እኔን ከቆሻሻው በላይ የሚያሳስበኝ ደኅንነቱ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ብንቆይ ደስ ይለኛል።

ሀና፦ እንቆይ እንጂ።

ዮናስ፦ መጀመሪያ ፊኛ። ያልተነፋ ወይም የፈነዳ ፊኛ ልጅ አፉ ውስጥ ከከተተው ጉሮሮውን ይዘጋዋል። እንደ ላስቲክ ስለሚለጠፍ ለማውጣት ከባድ ነው። አሜሪካ በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ሕግ የፊኛ ማሸጊያ ላይ «ከ8 ዓመት በታች ያለ ልጅ ሊታነቅበት ይችላል» የሚል ማስጠንቀቂያ ይጻፋል። ከ8 ዓመት በታች! እኛ ለ3 ዓመት ልጅ ቦርሳ ውስጥ ከትተን እንሰጣለን።

ሀና፦ እኔ ደግሞ ያ ቀለበት ነው የሚያስፈራኝ።

ዮናስ፦ ከሁሉም የባሰው እሱ ነው። ውስጡ እንደ ቁልፍ ክብ የሆነች ትንሽ ባትሪ አለች። የርካሽ አሻንጉሊት ክዳን ደግሞ በጥፍር ይከፈታል። ልጅ ባትሪዋን ውጦ ጉሮሮው ውስጥ ከተቀረቀረች በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋውን ክፉኛ ልታቃጥለው ትችላለች። ስለዚህ ውጧል ብላችሁ ከጠረጠራችሁ እንዲያስመልሰው አትሞክሩ። እስኪወጣም አትጠብቁ። ወዲያው ሆስፒታል ውሰዱት።

ሀና፦ ፈንዲሻስ? ያለ ፈንዲሻ እኮ ልደትም ቡናም አይሆንልንም።

ዮናስ፦ ፈንዲሻ፣ ኦቾሎኒና ጠንካራ ከረሜላ 4 ዓመት ላልሞላው ልጅ አይሰጥም። የሕፃናት ሐኪሞች የሚመክሩት እንደዚያ ነው። ጥርሱ በደንብ አያደቀውም፣ ወደ መተንፈሻ ቱቦው ሊገባ ይችላል። ለትልልቆቹ ይቅረብ። ትንንሾቹ ይዘውት የሚሄዱት ቦርሳ ውስጥ ግን አይግባ። መኪና ውስጥ ወደኋላ ተቀምጦ ሲበላ ማን ያየዋል?

ሀና፦ እኔም አንድ ልጨምር። ያቺ የምትለጠጥ ለስላሳ ከረሜላ። ብዙዎቹ ጄላቲን አላቸው፣ ጄላቲን ደግሞ ከአሳማ ሊሠራ ይችላል። ክፍሉ ውስጥ ሙስሊም ልጆች አሉ፣ ኦርቶዶክስ ልጆች አሉ። የሁለቱም ቤት አሳማ አይበላም። ማሸጊያው ላይ ያለውን ሳያነቡ ለሰው ልጅ ማደል ተገቢ አይመስለኝም።

ዮናስ፦ ይህን አስቤው አላውቅም። ጥሩ ነጥብ ነው።

ሀና፦ እሺ፣ ወደ ቤት ልደት እንግባ። እዚያ ላይ አቋምህ አሁንም ይሰጥ ነው?

ዮናስ፦ ይሰጥ ነው። ግን ቦርሳ አይሁን። ለምን መሰለሽ? ቦርሳ የእንግዳ ዝርዝር ይፈልጋል። ፈረንጆቹ ጋ የተጠራው ልጅ ብቻ ነው የሚመጣው፣ ቁጥሩ አስቀድሞ ይታወቃል። እኛ ቤት የጠራሽው ልጅ ታናሹን ይዞ ይመጣል። የሰፈር ልጅ ሙዚቃ ሰምቶ ይገባል። አክስት የጎረቤቷን ልጅ አስከትላ ትደርሳለች። እሰይ፣ ይግቡ! ድምቀቱም እሱ ነው። ቦርሳው ግን አለቀ። በር ላይ አንዱ ተቀብሎ ሲወጣ አንዱ እያለቀሰ ይወጣል።

ሀና፦ አይቼዋለሁ። እናትየዋ በሩ ላይ ትሸማቀቃለች፣ የልጁም እናት ትሸማቀቃለች።

ዮናስ፦ ዳቦ ግን ይቆረሳል። ሰው ከበዛ ቁራሹን ታሳንሺዋለሽ እንጂ ማንም አይቀርም። እህቴ ያለችው ለንደን ነው። እዚያ የልደቱን ኬክ ቆርጠው በሶፍት ጠቅልለው ቦርሳው ውስጥ ይጨምሩታል። ልጆቹ ቤታቸው ሄደው ነው የሚበሉት። እኔ የምለው ሌላውን ሁሉ ትተን ያቺን ብቻ እንያዝ ነው። ድፎ ዳቦ ወይም ኬክ በወረቀት ተጠቅልሎ። ከተቻለ ደግሞ እንደ ሙልሙል ትንንሽ አድርጎ መጋገር።

ሀና፦ በዚህማ ተስማማን። ለልደት ሙልሙል! ልጆቹ እራሳቸው ሊጡን ቢያድቦለቡሉት ደግሞ ጨዋታም ይሆናል። ግን «ልጁ ስጦታ ይዞ መጥቷል፣ ምላሽ ያስፈልገዋል» የሚሉስ?

ዮናስ፦ አይዋጥልኝም። የሰው ልጅ ስጦታ ይዞ ሲመጣ «አመሰግናለሁ» ማለት ነው ምላሹ። ልጃችንን ማስተማር ያለብን እሱን ነው። ደግሞ ስጦታ ሳይዝ የመጣው የሰፈር ልጅ ምን ሊሆን ነው?

ሀና፦ አሁን ትምህርት ቤቱን እንዝጋው። እኔ መፍትሔው በየቤቱ የሚገኝ አይመስለኝም። አንድ ወላጅ ብቻዋን «እኔ አልሰጥም» ብትል ልጇ ነው የሚጎዳው። ስለዚህ መስከረም ላይ ትምህርት ሲከፈት ወላጅ ኮሚቴው ይነጋገርበት። «በክፍላችን ቦርሳ አይታደልም» ተብሎ ይወሰን። አቅም ያለውም የሌለውም እኩል ያርፋል። የወሩን ባለልደቶች በአንድ ቀን ማክበርም ይቻላል፣ ኬኩን በጋራ ማዋጣት ነው። መስጠት ደስ የሚለው ወላጅ ደግሞ ለክፍሉ አንድ የተረት መጽሐፍ ያምጣ፣ ልጁ ራሱ ያስረክብ፣ ሚስ ታንብላቸው። ከፈለገ ብቻ ነው ግን። እሱም ውድድር እንዳይሆን።

ዮናስ፦ ለትንሽ ልጅ ግን መጽሐፍ ደስታ ይሆነዋል?

ሀና፦ ለልጅ ደስታው ዘውድ ደፍቶ ፊት መቆሙ ነው። ሁሉም ለሱ ሲዘፍንለት። ከሰልፍ አንደኛ ሲሆን። ይሄ ብር አይጠይቅም።

ዮናስ፦ የኔ ልጅ ልደት እኮ በሚቀጥለው ዓርብ ነው። ኮሚቴው ገና አልወሰነም። ምን ላድርግ?

ሀና፦ ድፎ ዳቦ ውሰድ። ወተት፣ ቅቤና እንቁላል ሳይገባበት አስጋግረው፣ ለዓርብ ጾምም ይሆናል። ከዚያ በፊት ሚስን ጠይቃት፣ አለርጂ ያለበት ልጅ ካለ ታውቃለች። ከዚያ ወላጆች ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አጭር መልእክት ጻፍ። «ዓርብ የልጃችን ልደት ነው። ድፎ ዳቦ ይዘን እንመጣለን። ቦርሳ አናዘጋጅም። የእናንተም ልጆች ልደት ሲደርስ በዚህ አትጨነቁ።» በቃ።

ዮናስ፦ ዛሬ ማታ እልከዋለሁ። ሚስን ግን ነገ ጠዋት ልጄን ሳደርስ በአካል ነው የማናግራት።