ያልተባለውን መጻፍ

እሺ እንደምን ሰነበታችሁ፣ ዛሬ ስለ ስክሪፕት ነው ማወራው፣ ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ ነገር ስለሆነ። ተዋናዩ ይተውናል፣ ዳይሬክተሩ ያዛል፣ ካሜራማኑ ይቀርጻል፣ ደራሲው ታዲያ ምንድነው ሚሰራው ትሉኛላችሁ። እዚህ ደብረ ማርቆስም ቡና ላይ ቁጭ ስንል ትልልቆቹ ሳይቀሩ "ልጄ፣ አንተ ታዲያ ወሬውን ነው ምትጽፈው?" ይሉኛል። ወሬውማ ቀላሉ ነው። ከባዱ የቱ እንደማይወራ መወሰኑ ነው፣ እና ይሄ ስራ ደግሞ ለማንም አይታይም፣ ብዙው ችግራችን እኮ የሚመጣው ከዚህ ነው።

በምሳሌ ላሳያችሁ። አሁን እየጻፍኩት ያለ ስክሪፕት ላይ ልጅ ሊጠይቁ የተላኩ ሽማግሌዎች አሉ። ወጉን ታውቁታላችሁ፣ ይገባሉ፣ ተቀመጡ ሲባሉ ጉዳያችንን ሳንናገር አንቀመጥም ብለው ይቆማሉ። ይሄን ለጀማሪ ደራሲ ብትሰጡት አባትየው ስለ ልጁ፣ ስለ ዘሩ፣ ስለ ክብሩ ሁለት ገጽ ያወራል። እኔ ጋ ወሩ መስከረም ነው፣ ሽማግሌዎቹ ሱሪያቸው እስከ ጉልበት ርሷል። አባትየው መደብ ላይ እንደተቀመጠ እግራቸውን ያያል። እናትየዋ ጓዳ በር ላይ ጣሳ ይዛ ቆማለች፣ መቅዳትም መመለስም አልቻለችም። አባትየው "ጨሞጋ ገና አልጎደለም ሲሉ ሰምቻለሁ፣ እንዴት ተሻገራችሁ?" ይላል። አንደኛው ሽማግሌ "የእርስዎን ደጅ ብለን ያልተሻገርን የማንን ደጅ ብለን ልንሻገር ነው" ይላሉ። ዝም። ከዛ አባትየው ወደ ሚስቱ ዞሮ "ምን ቆመሽ ታያለሽ፣ ቅጂ እንጂ" ይላታል። በቃ። ሰጥቻለሁ አላለም፣ ግን ሰጥቷል፣ አዳራሹ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ይገባዋል፣ በተለይ የጎጃም ሰው ከሆነ።

ይቺ ሲን፣ ትዕይንት ማለት ነው፣ አንድ ገጽ አትሞላም። በሙያው አንድ ገጽ በግምት አንድ ደቂቃ ነው ሚባለው፣ የአንድ ሰዓት ተኩል ፊልም ወደ 90 ገጽ ማለት ነው። ከሲኑ አናት ላይ ውስጥ ወይ ውጪ፣ ቦታው፣ ቀን ወይ ማታ ብለህ ትጽፋለህ፣ ከዛ ሚታይና ሚሰማ ነገር ብቻ ነው ማስቀመጥ ምትችለው። "አባትየው ልቡ ተነካ" ብትል ካሜራማኑ ምኑን ይቅረጸው? ልብ ወለድ እዚህ ጋ ይለያል። ሀዲስ አለማየሁ በ1958 ያሳተሙት ፍቅር እስከ መቃብር እኮ የዚሁ የጎጃማችን ታሪክ ነው፣ በዛብህ ውስጥ ገብተው ሀሳቡን ገጽ በገጽ ይዘረግፉልሃል፣ መጽሐፍ ስለሆነ ያምርበታል። ብዙው ሰው ደግሞ ታሪኩን ያወቀው በወጋየሁ ንጋቱ ድምጽ በሬዲዮ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ፊልሞቻችን ወሬ ሚበዛባቸው ለዚህ ነው፣ ታሪክን በጆሮ ነው የለመድነው፣ ከሬዲዮና ከመድረክ ነው የመጣነው፣ እና ዓይን ብቻውን ይበቃል ብሎ ማመን ይከብደናል፣ ገጸ ባህሪው እያለቀሰም "አዝኛለሁ" እንዲል እንፈልጋለን።

አሁን ወደ ኑሮው ልምጣ። እኛ አገር ደራሲውም ዳይሬክተሩም አንድ ሰው ሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው። ጎንደሬው ኃይሌ ገሪማ ጤዛ የሚባለውን ፊልም ጽፎም ዳይሬክት አድርጎም እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ የፊልም ፌስቲቫል ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማት ሲያገኝ፣ ለብቻው ደግሞ የምርጥ ስክሪፕት ሽልማት ወስዷል። ይሄን በደንብ ልብ በሉልኝ፣ ጽሑፉ ራሱን ችሎ ተሸልሟል ማለት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ የማትሰራ ከሆንክ ግን፣ ያውም ከክፍለ ሀገር፣ ፕሮዲውሰሩ ደውሎ መጀመሪያ ሚልህ "ጎጃም ድረስ የቀረጻ ቡድን ይዤ አልሄድም፣ ሆቴል አለ፣ አበል አለ፣ ታሪኩን አዲስ አበባ አድርገው" ነው። ወንዙ ይወጣል፣ በቅሎ የነበረው ላዳ ይሆናል። ይሄም ስራው ነው፣ አቅምን አውቆ መጻፍ ሙያ ነው። ምን ይከፋኛል መሰላችሁ፣ ወሬውን ቆራርጬ ቆራርጬ አጥርቼ ስሰጥ "ዲያሎጉ ትንሽ ነው እኮ፣ ለዚህ ይሄን ያህል ብር?" ሲሉኝ። ለወራት ስሰርዝ የከረምኩት ለፕሮዲውሰሩ እንደ ስራ አይቆጠርም። ግማሹን ብር ቅድሚያ ይሰጥሃል፣ ቀሪው ፊልሙ ሲኒማ ቤት ሲገባ ይባላል፣ ከዛ ስልክ አይነሳም። አንድ ፊልም ላይ ፖስተሩ ሲወጣ የሜካፕ ባለሙያዋ ስም አለ፣ ይገባታል፣ የኔ ግን የለም። እናቴ ፖስተሩን በስልኬ አይታ ስሜን በጣቷ ስትፈልግ በጣም ነው ያመመኝ።

ስለዚህ አዲስ ለምትጀምሩ፣ ቡሬም ሁኑ ሞጣ፣ ዳንግላም ሁኑ፣ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የሚባል የቅጂ መብት ህግ አለ፣ አውርዳችሁ አንብቡት። ስራው የራስህ ፈጠራ ከሆነና ወረቀት ላይ ከሰፈረ ሳታስመዘግበውም ጥበቃ አለው፣ ስምህ እንዲጠቀስ የመጠየቅ መብትም አለህ። ባልንጀራዬ ነው፣ ያገሬ ልጅ ነው ብላችሁ በቃል አትስማሙ። ያገር ልጅ ከሆነማ በጽሑፍ ቢሆን ምን ይከፋዋል? ውሉ ላይ ስሜ ፖስተሩና ፊልሙ መክፈቻ ላይ ይወጣል ምትል መስመር ትግባ፣ ቀሪው ክፍያ ደግሞ "ሲገባ" ሳይሆን ቀረጻ ከመጀመሩ በፊት በቀን ይጻፍ።

በሚቀጥለው ክፍል አንድ ውል ይዤ መስመር በመስመር እናየዋለን። የፈረማችሁት ያላችሁ ስሞቹን ሸፍናችሁ በቴሌግራም ላኩልኝ።