የመኪና ቴፕ ሲገዙ ጀርባውንም ይዩት፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ስልኩ ፋታ አልነበረውም። ከሚሞሪና ከፍላሽ ስለሚያጫውቱ የመኪና ቴፖች ብዙ ሰው ደውሏል። የአየር ሰዓቱ ስላጠረ አንዳንዱን በችኮላ አልፌዋለሁ። እዚህ ዘርዘር አድርጌ ጽፌላችኋለሁ።

ጥያቄ፦ ከጃፓን የመጣች ያገለገለች ቶዮታ ቪትዝ ገዛሁ። ቴፑ የሚሞሪ ማስገቢያ አለው፤ ግን ዘፈን የጫንኩበትን ካርድ ሳስገባበት ምንም አያጫውትም። ሬዲዮውም የአዲስ አበባን ጣቢያዎች አይዝም። ተበላሽቶ ነው? ልቀይረው ወይ? (አድማጭ፣ ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቴፑ አልተበላሸም። የተሠራው ለጃፓን ነው፤ ችግሩ እሱ ነው።

ከሬዲዮው ልጀምር። ጃፓን ውስጥ የኤፍኤም ሞገድ የሚጀምረው ከ76 ሜጋኸርዝ ነው። ለረጅም ጊዜ የሚያልቀውም 90 ላይ ነበር፤ በኋላ ነው እስከ 95 የሰፋው። የእኛዎቹ ጣቢያዎች ደግሞ አብዛኞቹ ከዚያ በላይ ናቸው። ኤፍኤም አዲስ 97.1፣ ፋና 98.1፣ ሸገር 102.1 ላይ ነው። ቁልፉን ቀኑን ሙሉ ቢያሽከረክሩት ቴፑ እዚያ አይደርስም። ጥራቱ ጥሩ ቢሆንም ቁጥሩ ያልቅበታል።

ሚሞሪው ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙዎቹ የጃፓን ቴፖች ካርታ ያላቸው ናቸው። በዚያ ማስገቢያ ውስጥ ተሰክቶ የሚመጣው ካርድ የጃፓን መንገዶች የተጫኑበት ነው። ካርታውን ብቻ እንጂ ዘፈን የማያነብ ሞዴል አለ። ከዚህም የባሰ አለ፦ አንዳንዱ ቴፕ ያ ካርድ ከወጣበት ወይም የመኪናው ባትሪ ከተነቀለ ይቆለፋል። ስክሪኑ ላይ በጃፓንኛ «ትክክለኛውን ካርድ አስገባ» ወይም «ቁጥር አስገባ» የሚል ጽሑፍ ብቻ ይቀራል። ስለዚህ ካርዱን ካወጡት አይጣሉት፤ ከመኪናው ሰነድ ጋር ያስቀምጡት። ባትሪ የሚቀይርልዎትን ሰውም አስቀድመው ያስጠንቅቁት።

መቀየር አለብዎት ወይ? የሚፈልጉት ሬዲዮ ብቻ ከሆነ ሞገዱን ዝቅ የሚያደርግ ትንሽ መሣሪያ አለ፤ ከአንቴናው ገመድ ላይ ይገጠማል። 20 ሜጋኸርዝ ዝቅ የሚያደርገው ዓይነት ከሆነ ሸገርን በ82.1 ያገኙታል። ድምፁ ትንሽ ሊደክም ይችላል፤ ግን ርካሽ ነው። ዘፈንም ከፈለጉ ቴፑን ቢቀይሩት ይሻላል እላለሁ። ሁለት ጊዜ ከማውጣት አንድ ጊዜ ማውጣት ይመረጣል።

ሲቀይሩ አንድ ነገር ያስተውሉ። የቶዮታ የቴፕ ቦታ ብዙውን ጊዜ 20 ሳንቲ ሜትር ስፋት አለው። ገበያ ላይ ያለው ባለ ሁለት ደርብ ቴፕ ግን 18 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። ግራና ቀኝ አንድ አንድ ሳንቲ ሜትር ክፍተት ይቀራል። ለዚህ የተዘጋጀ የፕላስቲክ መሙያ ስላለ ከቴፑ ጋር አብረው ይግዙት። ካልሆነ ገጣሚው በማስቲሽ ሲለጣጥፈው ዳሽቦርዱ ይበላሻል። ገመዱንም እንዳያስቆርጡ። የመኪናው ሶኬት ላይ ቀጥታ የሚሰካ የቶዮታ መገጣጠሚያ አለ። ነገ መኪናዋን ሲሸጡ የድሮው ቴፕ ተመልሶ እንዲገባ ከፈለጉ ይህ ያስፈልግዎታል።

ጥያቄ፦ አይሱዙ የጭነት መኪና ነው የምነዳው። ሁለት ቴፕ አስገጠምኩ፤ ሁለቱም ተቃጠሉ። ሻጩ «የመኪናህ ችግር ነው» ይለኛል። (አድማጭ፣ ከደሴ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ መኪናዎም ጤነኛ ነው፤ ቴፖቹም ጤነኞች ነበሩ። ገጣሚው ነው ያላየው። የእርስዎ ዓይነት የጭነት አይሱዙ ሁለት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ተያይዘው 24 ቮልት የሚሰጡበት ነው። ሞተሩ ሲነሳ ደግሞ 28 አካባቢ ይደርሳል። የቤት መኪና ቴፕ የተሠራው ለ12 ነው። በቀጥታ ከተገናኘ አንዳንዱ ወዲያው ይጨሳል፤ አንዳንዱ ጥቂት ቆይቶ ይሞታል።

ብዙ ሾፌር ለዚህ ያገኘው መላ ከአንደኛው ባትሪ ላይ ብቻ 12 ቮልት መጥለፍ ነው። ይሠራል፤ ቴፑም ይዘፍናል። ነገር ግን የተጠለፈው ባትሪ ሁልጊዜ ይጎድላል፤ ሌላኛው ደግሞ ከልክ በላይ ይሞላል። ሁለቱም ያለ ዕድሜያቸው ያልቃሉ። የአንድ አይሱዙ ባትሪ ዋጋ ስንት እንደገባ እርስዎ ያውቁታል። ትክክለኛው መፍትሔ 24ን ወደ 12 የሚያወርድ ኮንቨርተር ነው። ከቴፑ ጀርባ ያለውን ፊውዝ ይዩ፤ 10 አምፔር ከሆነ ኮንቨርተሩ ከዚያ ማነስ የለበትም። የቴፑ ሁለቱም የመብራት ሽቦዎች፣ ቢጫውም ቀዩም፣ ከኮንቨርተሩ በኋላ መገናኘት አለባቸው። አንዱ ብቻ ወርዶ ሌላው 24 ላይ ከቀረ ሦስተኛው ቴፕም ይቃጠላል።

ለ24 ቮልት የተሠሩ ቴፖችም አሉ። አንዳንዱ ካርቶን ላይ «12/24» ይላል። ካርቶኑን ብቻ አይመኑ። ከቴፑ ራሱ ጀርባ ወይም ጎን ላይ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ የሚኒባስ ታክሲ ሾፌር ነኝ። ሞተር ባጠፋሁ ቁጥር ዘፈኑ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ሰዓቱም፣ የሬዲዮ ጣቢያዎቹም ይጠፋሉ። ቴፑ ቻይና ስለሆነ ነው? (አድማጭ፣ ከአዳማ)

መልስ፦ ቻይና ስለሆነ አይመስለኝም። ጣቢያዎቹም አብረው ከጠፉ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ሽቦ ነው።

ከአብዛኞቹ ቴፖች ጀርባ ሁለት የመብራት ሽቦዎች ይወጣሉ። ቢጫው ሁልጊዜ መብራት የሚያገኝ ነው፤ ቁልፍ ቢወጣም አይቋረጥም። ቴፑ የቆመበትን ዘፈን፣ ሰዓቱንና ጣቢያዎቹን የሚያስታውሰው በዚህ ሽቦ ነው። ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚበራው ነው። ጥቁሩ ቦዲ ነው፤ ከመኪናው ብረት ጋር የሚገናኘው። ገጣሚው ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ ጠምዝዞ ከቁልፉ ጋር ካገናኛቸው፣ ሞተር ሲጠፋ ቴፑ ሁሉን ይረሳል። የእርስዎ ይህን ይመስላል። ሁለቱንም ቀጥታ ከባትሪው ካገናኛቸው ደግሞ ቴፑ ሌሊቱን ሙሉ መብራት ይበላል፤ ጠዋት መኪናው በግፊ ይነሳል።

ቴፑን ስቦ አውጥቶ ሁለቱን ሽቦዎች መለየት ለኤሌክትሪሺያን የደቂቃዎች ሥራ ነው። በመኪናው በኩል ያለው የሽቦ ቀለም ግን ከቴፑ ቀለም ጋር ላይገጥም ይችላል። በቴስተር ይለካ፤ በግምት አይሁን።

ሽቦው ተስተካክሎም ዘፈኑን ከመጀመሪያው የሚጀምር ቴፕ አለ። ያ ከአሠራሩ ነው። ረጅም ስብከት ወይም የትረካ ቅጂ ለሚያደምጥ ሰው ይህ በጣም ያማርራል። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ ሳሉ ያስሞክሩት። ዘፈኑ መሀል ላይ እያለ ቀዩን ሽቦ ብቻ አስነቅለው መልሰው ያስገናኙት። ካቆመበት ከቀጠለ ይግዙት።

ጥያቄ፦ ጎንደር ላሉት አባቴ በ128 ጊጋ ካርድ የድሮ ዘፈኖች ሞልቼ ላክሁላቸው። መኪናቸው ውስጥ ያለው ቴፕ ካርዱን አላነበበም። ወንድሜ ሌላ ትንሽ ካርድ ሲሞክር ግን ይሠራል። ዘፈኖቹን የጫንኩት በማክ ኮምፒውተር ነው። (አድማጭ፣ ከቨርጂኒያ)

መልስ፦ እንዲህ ያለ ስጦታ ሳይደመጥ መቅረት የለበትም፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

የመጀመሪያው ነገር የካርዱ መጠን ነው። እስከ 32 ጊጋ ያሉ ካርዶች ብዙውን ጊዜ ፋት32 በሚባለው አደረጃጀት ፎርማት ሆነው ይመጣሉ። ከዚያ በላይ ያሉት በኤክስፋት ነው የሚመጡት። ብዙ የመኪና ቴፖች የሚያውቁት ፋት32ን ብቻ ነው፤ ኤክስፋትን ባዶ ካርድ አድርገው ያዩታል ወይም ጭራሽ አያዩትም። መፍትሔው ቀላል ነው። 32 ጊጋ ካርድ ገዝተው በፋት32 ፎርማት ያድርጉት። 128 ጊጋውን ለስልክ ይተዉት።

32 ጊጋ አነሰ እንዳይሉ። በ128 ኪሎቢት የተቀዳ የአምስት ደቂቃ ዘፈን 5 ሜጋ ገደማ ነው፤ ከ6,000 በላይ ይይዛል። በ320 ኪሎቢት ቢሆን እንኳ ከ2,500 በላይ ይገባል። ከድሮ ካሴት የተገለበጠ ዘፈን ከሆነ 192 ይበቃዋል፤ ካሴቱ ላይ ያልነበረ ድምፅ ቁጥሩ ስለጨመረ አይመጣም።

ሁለተኛው የዘፈኑ ፋይል ዓይነት ነው። ኤምፒስሪን የማያጫውት ባለ ሚሞሪ ቴፕ አላየሁም። ከአይቱንስ የወጣ ኤምፎርኤ ወይም ፍላክ ከሆነ ግን አንዱ ቴፕ ያነባል፤ አንዱ ይዘለዋል። ሁሉንም ወደ ኤምፒስሪ ይቀይሩት።

ሦስተኛው ማክ ነው። ማክ እንዲህ ባለ ካርድ ላይ ሲገለብጥ ከእያንዳንዱ ዘፈን ጎን በነጥብና በስር ሰረዝ (._) የሚጀምር ድብቅ ፋይል ሊያስቀምጥ ይችላል። ማኩ ላይ አይታይም። ቴፑ ግን እንደ ዘፈን ይቆጥረውና «አልነበበም» እያለ ይቆማል ወይም ጸጥ ይላል። አባትዎ ደግሞ ካርዱ የተበላሸ ይመስላቸዋል። እዚያው ማክ ላይ እነዚህን የሚያጸዳ ፕሮግራም አለ፤ ወይም ወንድምዎ በዊንዶውስ ኮምፒውተር ከፍቶ ያጥፋቸው።

አንድ የመጨረሻ ነገር። የዘፈኑን ስም በፊደላችን ከጻፉት ብዙ ቴፖች አራት ማዕዘን ወይም የጥያቄ ምልክት ያሳያሉ። ዘፈኑ ይሠራል፤ ስሙ ግን አይነበብም። ለየዘፋኙ አንድ ፎልደር ያድርጉና 01፣ 02 እያሉ ቁጥር ይስጡት። ዝርዝሩን በወረቀት ጽፈው ቢልኩላቸው አባትዎ ቁጥሩን እያዩ የሚወዱትን ያገኛሉ። ሲገለብጡም በቅደም ተከተል ይገልብጡ። ርካሽ ቴፖች የሚያጫውቱት በስም ሳይሆን ወደ ካርዱ በገቡበት ተራ ነው።

ጥያቄ፦ ካርቶኑ ላይ «60 ዋት × 4» ይላል። እውነት ነው? (አድማጭ፣ ከሐዋሳ)

መልስ፦ ለቅጽበት የሚወጣ ጉልበት ነው። ሳይንተፋተፍ ያለማቋረጥ የሚሰጠው በአንድ ስፒከር 20 ዋት ቢደርስ ነው። መኪናው 14 ቮልት ገደማ እየሰጠ ያለ ተጨማሪ አምፕሊፋየር ከዚህ ብዙም አይዘልም። መመሪያው ላይ «አርኤምኤስ» (RMS) ከሚለው ጎን ያለውን ቁጥር ይዩ፤ ቴፖችን ማወዳደር ያለብዎት በእሱ ነው። ገንዘብ ከተረፈዎት የፊት ሁለቱን ስፒከሮች ይቀይሩ። የድምፁ ለውጥ እዚያ ላይ ነው የሚሰማው።

ጥያቄ፦ ሚሞሪ ነው ወይስ ፍላሽ የሚሻለው? (አድማጭ፣ ከጅማ)

መልስ፦ ሁለቱንም የሚቀበል ቴፕ ይምረጡ። አንዱ ብቻ ከሆነ ፍላሽ እመርጣለሁ። ትንሿ ሚሞሪ በአዳፕተር ስትገባ ኮረኮንች መንገድ ላይ እየተንቀሳቀሰች ትቋረጣለች። ረጅም ፍላሽ ግን አይጠቀሙ። ጉልበት ወይም ማርሽ የሚቀይር እጅ ሲመታው ማስገቢያውን ይሰብረዋል። የጥፍር ያህል ብቻ ወጣ የሚለውን አጭሩን ይግዙ።

ጥያቄ፦ ቴፕ መግዣ የለኝም። ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካው ይሆነኛል? (አድማጭ፣ ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይሆንዎታል። ፍላሹን በራሱ አንብቦ በኤፍኤም ወደ ሬዲዮዎ ይልካል። ማንም ጣቢያ የሌለበት ቁጥር ይፈልጉ። ከተማ ሲቀይሩ ያ ቁጥር ሊያዝ ስለሚችል እንደገና መፈለግ ይኖርብዎታል። ሲወርዱ ይንቀሉት፤ አንዳንድ መኪና ላይ ቁልፍ ቢወጣም መብራት አይቋረጥበትም።

ጥያቄ፦ 256 ጊጋ ፍላሽ በርካሽ ገዛሁ። መጀመሪያ የጫንኳቸው ይዘፍናሉ፤ በኋላ የጫንኳቸው ግን ስማቸው አለ፣ ድምፅ የላቸውም። (አድማጭ፣ ከድሬዳዋ)

መልስ፦ የሐሰት ፍላሽ ነው። እውነተኛ መጠኑ 8 ወይም 16 ጊጋ ሊሆን ይችላል። ኮምፒውተሩ 256 ብሎ እንዲያነብ ተደርጎ ነው የተሠራው። ከሞላ በኋላ የሚጻፈው ነገር የትም አይቀመጥም፤ ስሙ ብቻ ይቀራል። ኤች2ቴስትደብሊው (H2testw) የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ፍላሹን እስከ መጨረሻው ጽፎ መልሶ ያነበዋል፤ ትክክለኛውን መጠን ይነግርዎታል። ያሉትን ዘፈኖች መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተር ያውጡና ከዚያ ይሞክሩት።

ቴፕ ሊገዙ ሱማሌ ተራ ወይም ሌላ ገበያ ሲሄዱም የተመረመረ የራስዎን ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። የሻጩ ፍላሽ ላይ ያለው ዘፈን ለዚያ ቴፕ ተመርጦ የተጫነ ነው። የእርስዎን ያስገቡ፤ ፎልደሮቹን ሁሉ ይክፈቱ፤ ከእያንዳንዱ ሁለት ሦስት ዘፈን ያጫውቱ።