ባንኩ ሱቃችን ድረስ ይምጣ

የተከበራችሁ የነጋዴ ማኅበራችን አባላት፣ ከኮምቦልቻ የመጣችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ የባንክ ሥራ አስኪያጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ ብድር ነው። ብዙዎቻችንን እንቅልፍ የነሳን እሱ ነውና።

በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ብዙዎቻችን ከተማውን ጥለን ወጣን። ኅዳር መጨረሻ ላይ ስንመለስ የጠበቀን የተሰበረ በርና ባዶ መደርደሪያ ነው። ኮምቦልቻም መጋዘኑ ሳይቀር ተዘርፏል። ዕቃው የለም፣ ዕዳው ግን አለ።

የባንኮቹንም ጭንቀት እንረዳ። በብሔራዊ ባንክ መመሪያ፣ ክፍያው 90 ቀን ያለፈው ብድር ከተበላሸ ብድር ይመደባል። ባንኩም ብድሩ ባይመለስ ብሎ መጠባበቂያ ገንዘብ ይይዛል፤ ከብድሩ 20 በመቶ ይነሳና ብድሩ ተስፋ ከተቆረጠበት 100 በመቶ ይደርሳል። ይህ ሁሉ ከትርፉ ላይ ይቀነሳል።

ቅር የሚለኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ባንክ በጥቂት ሠራተኛ ብዙ ካበደረ ቀልጣፋ ይባላል። ወጪው ትንሽ ነው፣ ሪፖርቱም ያምራል። ግን ምኑን ትቶ ነው ወጪው ያነሰው? ብዙ ጊዜ የሚተወው ተበዳሪውን ማወቅ ነው። የቤት ካርታ ይታያል፣ ቤቱ ይገመታል፣ ፋይሉ ያልቃል። ሱቁ በሳምንት ስንት ይሸጣል፣ ዱቤው ማን ጋ ነው ያለው ብሎ የሚጠይቅ የለም። በደህና ጊዜ ጉዳቱ አይታይም። ክፉ ቀን ሲመጣ ግን ባንኩ ለጠበቃና ለሐራጅ ይከፍላል፤ ያኔ የቆጠበው ሁሉ በዚያ ያልቃል። ጦርነት ጠንቃቃውንም ባንክ ይመታል፣ እውነት ነው። ቢሆንም ጦርነት የጣለውን ነጋዴና ድሮም መክፈል የማይችለውን መለየት የሚችለው ደንበኛውን ቀድሞ ያወቀ ባንክ ነው።

ሰኞ ገበያ ጨርቅ የምትሸጥ አባላችን አለች። ሱቋ ሙልጭ ተደርጎ ተወስዷል። የዱቤ ደብተሯን ግን በነጠላ ጠቅልላ ይዛው ወጥታ ነበር። ማን ስንት እንደወሰደ፣ በየገበያው ስንት እንደሸጠች፣ ሁሉም በእጅ ጽሑፏ ሰፍሯል። ቅርንጫፉ እንደተከፈተ ደብተሩን ይዛ ሄደች። የብድር ባለሙያው አብሯት ሱቁ ድረስ ሄዶ በዓይኑ አየ። የመክፈያ ጊዜዋ ተራዘመላት፤ ዛሬ ከፍላ ጨርሳለች። ንግዱ ከእሷ የማያንስ ሌላ አባላችን ደግሞ ደብተር አልነበረውም። ከባንክ ሲደወልለትም ስልክ አላነሳም። ቤቱ ሐራጅ ወጣ። ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

አሁን ደግሞ ብድር ራሱ ጠቧል። ብሔራዊ ባንክ በነሐሴ 2015 ባንኮች የሚሰጡት ብድር በዓመት ሊያድግ በሚችለው መጠን ላይ ጣሪያ አስቀመጠ፤ መጀመሪያ 14 በመቶ ነበር። ከሐምሌ 2016 የምንዛሬ ለውጥ ወዲህም ያንኑ የውጭ ዕቃ ለማምጣት የሚያስፈልገው ብር በእጅጉ ጨምሯል። ገንዘብ ሲያጥር ባንክ የሚያበድረው ለሚያውቀው ነው። ስለዚህ እንተዋወቅ።

ሥራ አስኪያጆች፣ አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ዕቃም፣ እህልም፣ ከብትም ማስያዣ እንዲሆን ፈቅዷል። ታዲያ ለምንድን ነው ዛሬም ካርታ ብቻ የምትጠይቁን? በከሰዓቱ ውይይት ቁርጥ ያለ መልስ እንጠብቃለን። የብድር ባለሙያዎቻችሁንም ወደ ገበያ ላኩልን።

አባሎቻችን፣ ሲቸግራችሁ አትደበቁ። 90ው ቀን ሳይሞላ ሂዱ፣ መዝገባችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አብሽሩ፣ ብቻችሁን አትሄዱም። ሥራ አመራሩ ለአባላት መዝገብ አያያዝ የሚያስተምር፣ ባንክም አብሮ የሚሄድ አንድ የሒሳብ ባለሙያ ማኅበሩ እንዲቀጥር ሐሳብ አቅርቧል። ደመወዙ ከመዋጯችን ይከፈላል፤ መዋጮው ትንሽ ከፍ ይላል ማለት ነው። ከሻይ በኋላ ድምፅ ትሰጡበታላችሁ።

ጉባኤው ተከፍቷል። አመሰግናለሁ።