ቡናውም ጎመኑም ሳይታማ አይቀርም

የተከበራችሁ የጅማ ነዋሪዎች፣ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ጅማ ላይ ቆሞ ቡናን ማማት ድፍረት ነው። እኔ ግን ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው፤ ዛሬ ትንሽ ላማው ነው።

በቅርቡ አንድ አባት የቫይታሚን ኢ ብልቃጥ ይዘው መጡ። ልጃቸው ከውጭ ልኮላቸው ነው። የታዘዘላቸውን የኮሌስትሮል መድኃኒት ትተዋል። «ይሄ የተፈጥሮ ነው ልጄ፤ ያኛው ኬሚካል» አሉኝ።

ሐሳባቸው ከሜዳ የመጣ አይደለም። ኤልዲኤል የሚባለው መጥፎ ኮሌስትሮል የደም ስር ግድግዳ ውስጥ ሰርጎ ኦክሲጅን ሲያበላሸው፣ ልክ ቆይቶ እንደ ሻገተ ቅቤ፣ ጣጣው ይብሳል። እንደ ቫይታሚን ኢ ያለ አንቲኦክሲደንት ደግሞ ይህን ብልሽት ይከላከላል። ታዲያ በክኒን ብንውጠውስ? ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 ውጤቱ የታተመ የእንግሊዝ ጥናት 20,536 ሰዎችን ለ5 ዓመት ያህል ተከታተለ። ቫይታሚን ኢ፣ ሲ እና ቤታ ካሮቲን ለልብ ምንም አልፈየዱም። እዚያው ጥናት ላይ ሲምቫስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድኃኒት የወሰዱት ግን ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክ በሩብ ያህል ቀነሰላቸው። «ኬሚካሉ» ማለት ነው።

አሁን ወደ ሐሜቴ። ቡናችን ክሎሮጀኒክ አሲድ የሚባል አንቲኦክሲደንት ሞልቶታል። ዘይቱ ውስጥ ግን ካፌስቶል አለ፤ እሱ ኮሌስትሮል ይጨምራል። ቡና በወረቀት ማጣሪያ ሲያልፍ ካፌስቶሉ ወረቀቱ ላይ ይቀራል። ጀበና ወረቀት የለውም። ማቶቱ ላይ ቢሰክንም አተላው ነው የሚወርደው፤ ዘይቱ ከነካፌስቶሉ ስኒያችን ውስጥ ይገባል። ኮሌስትሮሉ ከፍ ያለ ሰው እንግዲህ ይቁጠር፦ ጠዋት አቦል፣ ቶና፣ በረካ፤ ከሰዓት ደግሞ ጎረቤት ተጠርቶ እንደገና። ተዉ አላልኩም፤ እናቴ ብትሰማኝ ቤት አታስገባኝም። ቀንሱ። አንዳንዴም በወረቀት አጣሩ። በቅቤ የተቆላውን ቡና ቀላ ለበዓል አቆዩት።

አንቲኦክሲደንቱን ከጎመን፣ ከቲማቲም፣ ከሽንኩርት ማግኘት ይቻላል። ምስርና ባቄላው ደግሞ ኮሌስትሮል የሚቀንስ አሰር አላቸው። ብቻ ጎመኑን በሚረጋው የፓልም ዘይት አታጥለቅልቁት። የዚያ ዘይት ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮል የሚጨምረው ዓይነት ስብ ነው።

ይህን ሁሉ ለአባትየው ነገርኳቸው። መድኃኒታቸውን ተቀበሉኝ፣ በር ላይ ደረሱና ዞር አሉ።

«ጎመኑንስ ልጄ፣ በቀን ስንት ጊዜ ነው የምወስደው?»

አመሰግናለሁ።