የሚፈለገው ማብሪያ የት ገባ? ስለ አዳዲስ መኪኖች የአድማጮች ጥያቄና የባለሙያ መልስ

በዚህ ሳምንት በስልክ የደረሱንን ጥያቄዎች ለአንድ የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ አቅርበናል። ጠያቂዎቹ የሚነዱት መኪና ቢለያይም ቅሬታቸው ተቀራራቢ ነው፤ የሚፈልጉት መቆጣጠሪያ መኪናው ላይ አለ፣ በተፈለገበት ሰዓት ግን አይገኝም።

ጥያቄ (ከገርጂ፣ አዲስ አበባ)፦ ከቻይና የመጣ የኤሌክትሪክ መኪና አለኝ። ዝናብ ሲጥል የፊት መስታወቱን እንፋሎት ይሸፍነዋል። ማጥፊያውን የማገኘው ስክሪኑ ውስጥ ገብቼ ነው፤ ጽሑፉም በሙሉ ቻይንኛ ነው። እየነዳሁ መፈለጉ ያስፈራኛል። ጥፋቱ አለመልመዴ ነው ወይስ የመኪናው?

መልስ፦ በአመዛኙ የመኪናው ነው። ሹፌር ዓይኑን ከመንገድ ሳያነሳ በእጁ ዳብሶ ሊያገኘው የሚገባውን ነገር ልሙጥ መስታወት ላይ ካደረጉት፣ የቱንም ያህል ቢለምደው ማየቱ አይቀርለትም። ቪ ቢሌጋሬ የተሰኘው የስዊድን የመኪና መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2022 ባደረገው ሙከራ፣ ሹፌሮች መኪኖቹን አስቀድመው እንዲለማመዱ ከተደረገ በኋላ፣ በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ እንደ ሙቀት መጨመርና ሬዲዮ መቀየር ያሉ አራት ተራ ሥራዎችን እንዲሠሩ ታዘው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የተመረተው ቮልቮ ቪ70 በተራ መጫኛዎቹ 10 ሰከንድ ብቻ ሲፈጅበት፣ ኤምጂ ማርቭል አር የተባለው ባለ ስክሪን መኪና 44.9 ሰከንድ ወስዶ በዚያ ጊዜ ውስጥ 1,372 ሜትር ተጉዟል። ከአንድ ኪሎ ሜትር የሚበልጥ መንገድ መሆኑን ልብ ይበሉ።

አምራቾች ይህን የመረጡበት ምክንያት ውበት ብቻ አይደለም። እያንዳንዱ መጫኛ የራሱ ቅርጽ ማውጫ፣ ሽቦና ፍተሻ ስለሚያስፈልገው፣ ሁሉን በአንድ ስክሪን መጠቅለል ይረክሳል፤ ዲዛይኑ ሳያልቅ ቢዘገይ እንኳ በሶፍትዌር ማስተካከል ይቻላል። ሌላው ቀርቶ በከተማችን በብዛት በሚታየው የፎልክስዋገን አይዲ 4 የመጀመሪያ ምርቶች ላይ የድምፅና የሙቀት ማስተካከያው ጣት የሚንሸራተትበት ቦታ ሲሆን፣ ማታ እንኳ መብራት አልነበረውም። ኩባንያው በኋላ ከደንበኞች በበረታበት ቅሬታ መጫኛዎቹን በሚቀጥሉት ሞዴሎቹ እንደሚመልስ አስታውቋል። ለአዳዲስ መኪኖች የደኅንነት ደረጃ የሚሰጠው ዩሮ ኤንካፕም ከ2026 ጀምሮ ፍሬቻ፣ የአደጋ ጊዜ መብራት፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያና የድንገተኛ ጥሪ በእጅ የሚዳሰስ መቆጣጠሪያ ከሌላቸው ሙሉ ነጥብ አይሰጥም። የእርስዎ የእንፋሎት ማጥፊያ ከአምስቱ ውስጥ አለመካተቱ ለእኔ ትልቅ ጉድለት ነው።

አሁን ወደ መፍትሔው። ቻይንኛውን ማንበብ አያስፈልግዎትም፤ ምልክቶቹ በዓለም ላይ አንድ ዓይነት ናቸው። የፊት መስታወት ማለት ከላይ ጎበጥ ያለ ማራገቢያ የመሰለ ቅርጽ ሆኖ ሦስት የተጠማዘዙ ቀስቶች ወደ ላይ የሚወጡበት ነው፤ የኋላው ደግሞ ያው ቀስት በአራት ማዕዘን ውስጥ ነው። መኪናው ቆሞ ሳለ ይህን ምልክት ፈልገው፣ ስክሪኑ የሚፈቅድ ከሆነ ሁልጊዜ ከሚታየው የታችኛው ረድፍ ላይ ያስቀምጡት፤ በአንዳንድ ሞዴሎች መሪው ላይ ካለው የምርጫ መጫኛ ጋር ማያያዝም ይቻላል። ውጭው ቢበርድም ኤሲውን ያብሩት፤ ሥራው ማቀዝቀዝ ብቻ ሳይሆን አየሩን ማድረቅም ስለሆነ ነው። አየሩን ውስጥ ለውስጥ የሚያዞረውን ምልክት (በመኪና ቅርጽ ውስጥ የሚዞር ቀስት ነው) ያጥፉት፤ ብዙ ጊዜ እንፋሎቱን የሚያባብሰው እሱ ነው።

ጥያቄ (ከአዳማ)፦ የበር እጀታው ወደ ውስጥ የሚገባ መኪና ልገዛ ነው። ልጆቼ ከኋላ ይቀመጣሉ። ኤሌክትሪኩ ቢቋረጥ በሩ በምን ይከፈታል?

መልስ፦ ይህን ከመግዛትዎ በፊት መጠየቅዎ ተገቢ ነው፤ ከዚህ ሁሉ ጥያቄ ውስጥ የሰው ሕይወት በቀጥታ የሚመለከተው ይኸው ነውና። በእንዲህ ዓይነት መኪና እጀታውን ሲጫኑ በሩን የሚከፍተው ሞተር ሲሆን፣ ሞተሩ ኃይል የሚያገኘው ከትልቁ የመንጃ ባትሪ ሳይሆን ከትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ነው። ስለዚህ ቻርጁ ሙሉ ሆኖ እንኳ ትንሿ ባትሪ ከደከመች በሩ ላይከፈት ይችላል። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2025 ወደ 174 ሺህ የሚጠጉ የ2021 ቴስላ ሞዴል ዋይ መኪኖች ላይ ምርመራ የከፈተው፣ ከመኪናው ወርደው ከኋላ የተቀመጠ ልጃቸውን ሊያወጡ ሲሉ በሩ እምቢ ያላቸው ወላጆች ካመለከቱ በኋላ ነበር፤ መስታወት ሰብረው ያወጡም ነበሩ።

ከውስጥ በእጅ የሚሳብ መክፈቻ አለ፤ ችግሩ አቀማመጡ ነው። በዚሁ በሞዴል ዋይ የፊተኛው ከመስታወት ማውረጃዎቹ ፊት ለፊት ያለች ትንሽ ማንሻ ስትሆን፣ የኋላው በር ግን በሩ ላይ ካለው የዕቃ መያዣ ኪስ ሥር ያለው ምንጣፍ ተነሥቶ፣ ክዳን ተከፍቶ የሚሳብ ገመድ ነው፤ አንዳንዶቹ ምርቶች ጭራሹኑ የላቸውም። ጭስ በሞላበት መኪና ውስጥ የስምንት ዓመት ልጅ ያንን ምንጣፍ እንዲያነሣ መጠበቅ፣ ለእኔ ዲዛይን ተብሎ ሊጠራ አይገባውም። ቻይና የውጩም የውስጡም እጀታ ያለ ኤሌክትሪክ በሜካኒካዊ መንገድ እንዲከፈት የሚያስገድድ ደንብ አውጥታ ከ2027 ጀምሮ ተግባራዊ እንዲሆን ወስናለች፤ ሆኖም ከዚያ በፊት ተመርተው ወደ አገራችን የገቡት መኪኖች እንዳሉ ይቀጥላሉ።

እንግዲህ ሻጩ ፊት ከኋላ ወንበር ይቀመጡ፣ በሩን ይዝጉና "ባትሪ የለም፤ አሁን አውጣኝ" ይበሉት። ማሳየት ካልቻለ ሌላ መኪና ይመልከቱ። መስታወት መስበሪያ መዶሻ መያዝም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ለድምፅ መከላከያ ሲባል የጎን መስታወታቸውን ድርብ ያደረጉ መኪኖች ስላሉ፣ መስታወቱ ጥግ ላይ ያለውን ጽሑፍ አስነብበው የትኛው በቀላሉ እንደሚሰበር አስቀድመው ይወቁ።

ጥያቄ (ከባሕር ዳር)፦ የቶዮታዬ ሪሞት ባትሪው አልቆ መኪናውን መክፈትም ማስነሣትም አቃተኝ። በጎታች ወደ ጋራዥ ወሰድኩት። ሌላ መንገድ ነበረው?

መልስ፦ ነበረው፤ ገንዘብዎም ይተርፍ ነበር። ከሪሞቱ ጎን ያለችውን ትንሽ መያዣ ገፋ አድርገው ሲስቡ ከውስጡ የብረት ቁልፍ ይወጣል፤ በእሱ የሹፌሩን በር ይክፈቱ። ከዚያ ፍሬኑን ረግጠው፣ የቶዮታ ምልክት ባለበት በኩል ሪሞቱን ማስነሻው ላይ ያስጠጉት፤ ድምፅ ሲሰሙ ማስነሻውን ይጫኑ። መመሪያው ላይ ተጽፏል፤ ያገለገለ መኪና ሲገዛ መመሪያው አብሮ አለመምጣቱ ነው ችግሩ።

ጥያቄ (ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)፦ ታክሲ እነዳለሁ፤ መኪና በየጊዜው እቀያይራለሁ። አንዱ ማርሹ የሚሽከረከር ነው፣ ሌላው የሚጫን ነው፣ ሌላው ከመሪው ሥር ያለ ዘንግ ነው። አንድ ቀን ፒ (የማቆሚያው ማርሽ) ውስጥ ያስገባሁት መስሎኝ መኪናው መንሸራተት ጀመረ። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው በእኔ ብቻ ነው?

መልስ፦ በፍጹም። ፊያት ክራይስለር እ.ኤ.አ. በ2016 ከ1.1 ሚሊዮን በላይ ጂፕ ግራንድ ቼሮኪ፣ ዶጅ ቻርጀርና ክራይስለር 300 መኪኖችን ለጥገና የጠራው በዚሁ ምክንያት ነበር። ማርሹ ከተገፋ በኋላ ወደ መሐል ስለሚመለስ፣ እጅ የት እንዳለ የሚነግረው ነገር አልነበረም፤ ሹፌሮች ፒ ላይ ነው ብለው ይወርዱ ነበር። በዚያው ዓመት ሰኔ ወር ተዋናይ አንቶን የልቺን ሕይወቱ ያለፈው የራሱ ግራንድ ቼሮኪ ተንሸራቶ ነው። የድሮው ማርሽ ከእጅ አቀማመጡ ብቻ ይታወቅ ነበር፤ የአሁኑ ግን ፊደሉን ካላነበቡ አይታወቅም። እርስዎ ዓይነቱን ስለሚቀያይሩ እጅዎን ሳይሆን ቅደም ተከተሉን ያስለምዱ፤ ፍሬን እንደረገጡ መጀመሪያ የእጅ ፍሬኑን ይያዙ፣ ከዚያ ፒ ያስገቡ፣ ዳሽቦርዱ ላይ ፊደሉን በዓይንዎ ያንብቡ፣ እግርዎን ቀስ ብለው ያንሡ፣ ቀበቶ መፍታት የመጨረሻው ይሁን።

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ቻርጅ አድርጌ ስጨርስ ሶኬቱ አልላቀቅ አለኝ። በጉልበት ልሳበው?

መልስ፦ አይሳቡ፤ ሶኬቱን ከውስጥ የያዘችውን ቀጭን መቀርቀሪያ ይሰብሯታል። በብዙ ሞዴሎች መቀርቀሪያዋ ከበሩ ቁልፍ ጋር የተያያዘች ስለሆነ፣ በመጀመሪያ ቻርጁን አቁመው መኪናውን በሪሞት ቆልፈው እንደገና ይክፈቱት። ካልሆነ በእጅ የሚሳብ ማላቀቂያ ገመድ ያላቸው ብዙ ናቸው፤ እንደ ሞዴሉ ከኋላ ሻንጣው የጎን ሽፋን ጀርባ ወይም ከፊት ኮፈኑ ሥር ይገኛል። ገመዱን ከመንካትዎ በፊት ግን ኤሌክትሪኩ ከግድግዳው መቋረጡን ያረጋግጡ።