ማሙሽ ማታ የት አደረ?

(በጅማ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሕፃናትን ከአደጋ ጠብቆ ስለማስተኛት በተዘጋጀ ሥልጠና መክፈቻ ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አደራችሁ፣ እህቶቼ! በዚህ ዝናብና ጭቃ ከየቀበሌው ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። የጅማን ክረምት መቼም ለእናንተ አልነግርም።

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንዲት አራስ ልጠይቅ ገባሁ። አንድ ክፍል ቤት፣ ሦስት ልጆች፣ አንድ አልጋ። እኔ ሆዬ ወረቀቴን እያየሁ፣ «ሕፃኑን አብረሽ አታስተኚው» አልኳት። ዙሪያዋን ቃኘች። «እና የት ላስተኛው የኔ እህት? ምድጃው ሥር?» አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ቡና አጠጥታ ሸኘችኝ። በሚቀጥለው ስሄድ ግን በር ላይ ቆማ ነው ያነጋገረችኝ።

ስለዚህ መጀመሪያ ጠይቁ፤ «ማሙሽ ማታ የት አደረ?» በሉ። ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ። ከፈቀደችላችሁ መኝታውን እዩት።

ዋናው ነገር በጀርባ ማስተኛት ነው፤ ማታም፣ ቀንም። እንግሊዞች ይህንን በ1991 እ.ኤ.አ. በዘመቻ ማስተማር ከጀመሩ ወዲህ፣ እንቅልፍ ላይ ሳሉ በድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር በ80 በመቶ ገደማ ቀንሷል። «ትን ቢለውስ?» ይሏችኋል። ፍርሃቱ የእናት ነው፣ አትናቁት። ሕፃን በጀርባው ሲተኛ የአየር ቧንቧው ከምግብ ቧንቧው በላይ ይሆናል። ያገረሸው ወተት ወደ ታች ይመለሳል። በሆዱ ሲተኛ ግን ነገሩ ይገለበጣል።

ብርዱም አለ። ጋቢ ፊቱ ላይ ይደረብለታል፣ ትራስ ይከመርለታል። በፍቅር ነው የሚደረገው፤ ግን ትንፋሽ ያፍናል። ልብስ ይጨመርለት፤ ፊቱና ራሱ ግን ይገለጥ። በር ዘግቶ ከከሰል ጋር ማደርማ ለእናቲቱም አይበጅ።

አልጋው አንድ ከሆነስ? ጠንካራ ፍራሽ፣ ከትራስ ራቅ ያለ ቦታ፣ በእናቱ በኩል እንጂ በልጆች መሃል አይደለም። የጠጣ ወይም የሚያጨስ ሰው አልጋው ላይ ካለ፣ ወይም ሕፃኑ ያለ ቀኑ የተወለደ ከሆነ፣ አብሮ መተኛቱ ይቅር። ያኔ መሬት ላይ የተነጠፈ ንጹሕ፣ ጠንካራ ምንጣፍ ይሻላል። ይህን ከእናትየው ጋር ሆናችሁ አስተካክሉት እንጂ ተናግራችሁ አትውጡ።

አያትየዋን አትርሱ። ሕፃኑን የምታስተኛው ብዙ ጊዜ እሷ ናት።

ከሻይ በኋላ ሦስት ሦስት ሆናችሁ በአሻንጉሊት ትለማመዳላችሁ፤ በአማርኛም በኦሮምኛም። አንዷ አራስ፣ አንዷ ጠያቂ፣ አንዷ አያት። ለአያትነት ኃይለኛ ኃይለኛዎቹን እፈልጋለሁ።